ጉበትሽን ሳታውቂ ዓባይን አትሻገሪ

«ይድረስ ለዶክተር፤ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። መምህርት ነኝ። ዕድሜዬ 41፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 112 ኪሎ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ባለፈው ወር ቀኝ ጎኔን እየከበደኝ ሐኪም ቤት ሄድኩና አልትራሳውንድ ታየሁ። ‹ጉበትሽ ስብ ይዟል፣ ግሬድ 2 ነው› አሉኝ። በደም ምርመራው የጉበት ኢንዛይሞቹ ኤኤስቲ 52፣ ኤኤልቲ 81፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት 240 ሺህ ወጣ። ሲአርፒ የሚባለውም ከፍ ብሏል፣ ‹ሰውነትሽ ውስጥ መቆጣት አለ› ተባልኩ። ክብደት ቀንሺ ብለው መለሱኝ። ስንቴ ቀነስኩ፣ ስንቴ ተመልሶ መጣ!

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቱርክ ሄጄ ጨጓራ የማሳነስ ኦፕራሲዮን እንድደረግ ገንዘቡን አዘጋጅቷል። ‹ሳምንት ቆይተሽ ትመለሻለሽ› ይላል። እናቴ ግን ‹ሆድሽን አስቀድደሽ ልትሞቺብኝ ነው› ብላ እያለቀሰች ነው። አንዲት ባልደረባዬ ኦፕራሲዮኑ ጉበት ይገድላል አለችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ ‹ይሄ የወፍ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱን እኔ አመጣልሻለሁ› ትላለች። እኔ ከበዓል ጠላ በቀር መጠጥ አልቀምስም። ታዲያ ጉበቴ በምን ታመመ? ኦፕራሲዮኑ ያድነዋል ወይስ ይጨርሰዋል? ለእናቴስ ምን ልበላት?

ግራ የገባት እህትዎ»

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁጥሮቹን ጽፈሽ መላክሽ በጣም ጠቅሞኛል። ብዙ ሰው «ጉበቴን አመመኝ» ብቻ ብሎ ይጽፍልኛል፤ ምኑን ይዤ ልመልስለት? አንቺ ግን የምይዘው ነገር ሰጥተሽኛል። ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

ከጎረቤትሽ ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። የምታመጣልሽን መድኃኒት አትጠጪ። ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል። ቅጠል ይጨመቃል፣ ይጠጣል። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ሲሻለው ምስጋናው ለቅጠሉ ይሆናል። ያንቺ ዓይን ግን ቢጫ አልሆነም፤ የተገኘብሽም ሌላ ነገር ነው። ልኩ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል ሲጠጣ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው። ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት በእግሯ መጣች። በእጇ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች፤ ውስጡ ግማሽ የቀረ አረንጓዴ ውሃ አለ። «ሌላውን ጠጥቼዋለሁ» አለችኝ። በአምስተኛው ቀን ልጆቿን መለየት አቃታት። ያ ጠርሙስ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መጠጥ ሳትቀምሺ ጉበትሽ በምን ታመመ?

ከምንበላው የተረፈው ስብ ሆኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ ከቆዳ ሥር ነው። እዚያ ቦታ ሲጠብበው ወደ ሆድ ውስጥ፣ ወደ አንጀት ዙሪያ ይገባል። ከዚያም ጉበት ውስጥ። የጉበት ስብ ከቅቤ ብቻ የሚመጣ እንዳይመስልሽ። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦም ጉበት ውስጥ ወደ ስብ ይቀየራሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ኢንሱሊኑ በደንብ ስለማይሠራለት ጉበቱ ስብ መሥራቱን አያቆምም። ሐኪሞች ይህን በሽታ ለብዙ ዓመት «ከአልኮል ያልመጣ የጉበት ስብ» ሲሉት ኖሩ። በፈረንጆቹ 2023 ስሙን ቀየሩት፤ አዲሱ ስም በሽታውን ከክብደትና ከስኳር ጋር ያገናኘዋል። ደግ አደረጉ። የጉበት በሽታ ሲባል ሰው ሁሉ መጠጥ ነው የሚያስበው። ስንቷ እንዳንቺ ያለች ጨዋ «ተደብቃ ትጠጣለች» ተብላ ታምታለች!

መቆጣት የሚሉትን ደግሞ እንዲህ ልንገርሽ። የገበሬ ዘመድ ካለሽ በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከላይ ሲያዩት ሰላም ነው። እጅን እስከ ክንድ ሲከቱበት ግን ይሞቃል። እሳት ማንም አልለኮሰበትም፤ ከራሱ ነው ሙቀቱ። የሆድ ስብም እንደዚያ ነው። ሴሎቹ ከልክ በላይ ሲሞሉ ደም በቅጡ አይደርሳቸውም፣ አየር ያጥራቸዋል፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። የሞተውን ለማንሳት የሰውነት ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሴሎች፣ ይመጡና ዙሪያውን ይከቡታል። ሲከቡት ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 6 የሚባሉ ኬሚካሎች ይለቃሉ። እነዚህ ቁስል ወይም ጀርም ሲመጣ ሰውነትን የሚያስነሱ ጥሪዎች ናቸው። እዚህ ግን ቁስልም ጀርምም የለም። ጥሪው ብቻ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም። ኢንሱሊንሽ የሚደክመው በዚህም ጭምር ነው። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነም ኪሎው ብቻ እንዳይመስልሽ።

ከአንጀትና ከሆድ ስብ የሚነሳው ደም የሚሄደው በቀጥታ ወደ ጉበት ነው። ጉበት ጥሪውን ከማንም በፊት ይሰማል። ያ ከፍ አለብሽ የተባለው ሲአርፒ ራሱ ጉበት ለዚህ ጥሪ የሚሰጠው መልስ ነው። ስብ ይዞ ዝም ያለ ጉበት ለዓመታት ላያስቸግር ይችላል። ስብ ይዞ የተቆጣ ጉበት ግን ቀስ በቀስ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ከዜሮ እስከ 4 ደረጃ አለው፤ 4 ሲደርስ ሲሮሲስ ይባላል። «ግሬድ 2» ያሉሽ የስቡን መጠን እንጂ የጠባሳውን ደረጃ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ ሐኪምም ሲያምታታው አይቻለሁ። የሚያሰጋው ጠባሳው ነው።

እስኪ ብዕር አንሺ። ዕድሜሽን በኤኤስቲ አባዢው፤ 41 በ52፣ 2132 ይመጣል። ቀጥሎ የኤኤልቲን ካሬ ሩት ፈልጊ፤ የ81 ካሬ ሩት 9 ነው። 9ን በፕላትሌትሽ፣ ሺውን ትተሽ በ240፣ አባዢ፤ 2160 ይሆናል። 2132ን ለ2160 አካፍዪ። 0.99 አገኘሽ አይደል? ይህ ፊብ 4 ይባላል። ከ1.3 በታች ከሆነ ጉበት ላይ የጠና ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ያሰጋል። ያንቺ ከታች ነው፣ ተመስገን በዪ። ሦስት ተራ የደም ምርመራና አንድ ዕድሜ ይበቃዋል፤ ሐኪም ቤት ሁሉ ይህን ሠርቶ ቢያስረዳ እወዳለሁ።

ታዲያ እዚህ ላይ አታብቂ። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ስሌት የሚያመልጠው ነገር አለ። ፋይብሮስካን የሚባል መሣሪያ አለ። እንደ አልትራሳውንድ ጎን ላይ ይደረጋል፣ መርፌ የለውም፣ ጉበቱ ምን ያህል እንደጠነከረ ይለካል። አዲስ አበባ ይገኛል። ፓስፖርት ከማውጣትሽ በፊት እሱን ተለኪ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም ተመርመሪ፤ አገራችን ውስጥ በተለይ ቢ ብዙ ሰው ላይ ሳይታወቅ ይኖራል። ልጅነትሽን በወንዝና በጣና ዳር ስትዋኚ ያሳለፍሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው። ቢልሃርዚያም ጉበት ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ለእሱ ደግሞ ርካሽ ክኒን አለ። ስብ ስለተገኘ ብቻ ሌላው ሁሉ የለም ማለት አይደለም።

ወንድምሽ የሚያስበው ኪሎውን ነው፤ እናትሽ የሚያስቡት ቢላውን ነው። እኔ ደግሞ ይህን ኦፕራሲዮን ከሁሉ በፊት የጉበትና የስኳር ሕክምና አድርጌ ነው የማየው። ስለዚህ የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጉበትሽ የት ደረጃ ላይ ነው? ከተመለስሽ በኋላ የሚከታተልሽ ማን ነው? ሁለቱ ከተመለሱ ወደ ቱርክ ሂጂ ከሚሉሽ አንዱ እኔ ነኝ። ካልተመለሱ ወንድምሽ ገንዘቡን ትንሽ ያቆየው።

ሂጂ የምልሽ ለምንድን ነው? ክብደትሽን በቁመትሽ ካሬ ስናካፍለው ወደ 44 ይመጣል። በ2022 የወጣው የዓለም አቀፍ ሐኪሞች መመሪያ ከ35 ጀምሮ ኦፕራሲዮኑን ይመክራል። አንቺ ላይ ስኳርም ጉበትም አለ። በአመጋገብ ብቻ ይሻላል የሚሉሽም ልክ ናቸው፤ ቢሆን ይሻል ነበር። ኩባ ውስጥ ጉበታቸው የተቆጣ 293 ሰዎች ለአንድ ዓመት አመጋገባቸውን እየተመከሩ ተከታተሏቸው። ከክብደታቸው ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ የቀነሱት ከ100 በ90ው ላይ የጉበት መቆጣቱ ጠፋ። ግሩም ነው! ግን ያን ያህል የቀነሱት ከ293ቱ 29 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «ስንቴ ቀነስኩ፣ ስንቴ ተመለሰ» ስትዪ ስንፍና ነው ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ሰውነት የለመደውን ኪሎ ለመመለስ በረሃብም፣ ጉልበት በመቆጠብም ይታገላል።

ኦፕራሲዮኑ ይህን ትግል ይቀይረዋል። ሁለት ዓይነት ነው በብዛት የሚሠራው። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራ 80 ከመቶ ገደማውን ቆርጦ ያወጣና እንደ ሙዝ ቀጭን ቱቦ አድርጎ ይተወዋል። ባይፓስ የሚባለው ከጨጓራ ትንሽ ከረጢት አበጅቶ ከትንሹ አንጀት መካከለኛ ክፍል ጋር ያገናኛል። በሁለቱም ምግብ ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚደርስ አንጀት «ጠገብኩ» የሚል ሆርሞን በብዛት ይለቃል። ስኳር በቀናት ውስጥ፣ ኪሎው ገና ሳይወርድ፣ መስተካከል ይጀምራል። ለዚህ ነው መድኃኒትሽን ወዲያው ማስተካከል የሚያስፈልገው።

መቆጣቱስ? በመጀመሪያው ሳምንት ሲአርፒ እንዲያውም ይወጣል፤ ኦፕራሲዮን ቁስል ነውና። አትደንግጪ። ከዚያ ስቡ ሲቀልጥ፣ ያ የሞቀው ጎተራ ሲጎድል፣ በወራት ውስጥ ይወርዳል። አዲፖኔክቲን የሚባል መቆጣትን የሚያበርድ ሆርሞን ደግሞ ከስቡ በብዛት መውጣት ይጀምራል። ያው ስብ፣ ሲጨናነቅ መርዝ፣ ሲቀል መድኃኒት ይልካል። እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለጉበት ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። ፈረንሳይ፣ ሊል ከተማ ያሉ ሐኪሞች ጉበታቸው የተቆጣ 180 ሰዎችን ኦፕራሲዮን አድርገው ከጉበታቸው በመርፌ ናሙና እየወሰዱ ተከታተሉ። በአምስተኛው ዓመት ናሙና ከሰጡት ከ100 በ84ቱ ላይ መቆጣቱ ጠፍቷል፣ ጠባሳውም አልባሰም። ከ100 በ70ው ደግሞ ጠባሳው ራሱ ቀንሷል። ጠባሳ ሲቀንስ! እኛ ስንማር ጠባሳ አይመለስም ነበር የሚባለው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ 288 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። በ2023 የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ ከአንድ ዓመት በኋላ የጉበት መቆጣቱ የጠፋላቸው በባይፓስ ከ100 ሰው 56፣ በስሊቭ 57፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ 16 ናቸው። ለጉበት ስሊቭም ባይፓስም ያው ነው ማለት ነው። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ያሉት ደግሞ 1158 በሽተኞችን አወዳደሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከባድ የጉበት ችግር የደረሰባቸው ኦፕራሲዮን ካደረጉት ከ100 ሰው 2.3፣ ካላደረጉት 9.6 ነበሩ።

ባልደረባሽ ኦፕራሲዮኑ ጉበት ይገድላል ያለችሽ ከመሬት ተነስታ አይደለም። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት አልፎ የሚሄድ ሌላ ኦፕራሲዮን ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ቀጠኑ፤ ከነሱ ጥቂት የማይባሉት ጉበታቸው ጠፋ፣ የሞቱም አሉ። ሐኪሞች ተዉት። ዛሬ የሚሠራው እሱ አይደለም። ከዚያ የተማርነው ግን ይሠራል፦ ኪሎ በፍጥነት እየወረደ ፕሮቲን ካልተበላ ጉበት ይጎዳል። ጉበታቸው ሲሮሲስ ደርሶ ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ ወይም ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች ደግሞ ይህን ኦፕራሲዮን አይደረግላቸውም። መጀመሪያ ተለኪ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። «ሳምንት ቆይተሽ ትመለሻለሽ።»

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ሴት በቃሬዛ አምጥተውልኝ ነበር። ውጭ አገር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከተመለሰች ሁለት ወር ሆኗታል። አምስት ሳምንት ሙሉ የጠጣችውን ሁሉ ስታስመልስ ነው የከረመችው። የሄደችበት ሐኪም ቤት «ጨጓራ ነው» ብሎ ግሉኮስ ሰቅሎላት ወደ ቤት ይልካታል፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ እንደገና ግሉኮስ። እኔ ጋ ስትደርስ ቆማ መራመድ አትችልም። ጣቴን ከፊቷ ወደ ጎን ሳንቀሳቅስ ዓይኖቿ ጣቴን መከተል አቅቷቸው ይንቀጠቀጣሉ። እህቷን በእናታቸው ስም ትጠራታለች። የጎደላት ቲያሚን፣ ቫይታሚን ቢ 1 ነበር። ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ቲያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ ሲሰጥ ደግሞ የቀረችውን ያሟጥጣታል። መርፌውን እንደወሰደች ዓይኗ በቀናት ተስተካከለ። እርምጃዋና ትዝታዋ ግን እንደ ድሮው አልተመለሱም። መርፌው ውድ አይደለም። ያጣችው የሚያውቅላት ሰው ነው።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ያዢ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ እዚያው ደብረ ማርቆስም ይሁን። «ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው፣ ስመለስ ይከታተሉኛል?» በዪው። ስልኩን ያዢ። ከቱርክ ደግሞ የተሠራልሽን በጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ ተቀብለሽ ተመለሺ። የመንገዱ ነገር አስተማማኝ ባልሆነበት በዚህ ጊዜ የሦስት ወር ቫይታሚን ቤትሽ ይኑር። እኔ ብሆን ወንድምሽን «ከሳምንቱ በኋላ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሦስት ሳምንት ልቀመጥ» እለው ነበር። የተሰፋው ቦታ ቢያፈስ በአብዛኛው የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ በትልልቅ ማዕከላት በዚህ ኦፕራሲዮን ሕይወቱ የሚያልፈው ከ1000 ሰው 1 እስከ 3 ነው። ግን ትኩሳት፣ ልብ በደቂቃ ከ120 በላይ መምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከመጣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ መድረስ አለብሽ። ያ የሚሆነው ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ከጎሃ ጽዮን ወርደሽ ደጀን ሳትወጪ ከሆነ ምን ይደረጋል? ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትመለሺም መኪናው በቆመ ቁጥር ውረጂ፣ ተራመጂ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሰዓት መቀመጥ እግር ውስጥ ደም ያረጋል።

ስሊቭ ወይስ ባይፓስ ብትዪኝ፣ ቃር የማያስቸግርሽ ከሆነ እኔ ወደ ስሊቭ አደላለሁ። ባይፓስ ለስኳር ትንሽ ይበልጣል። ግን ብረት፣ ካልሲየምና ቢ 12 ከምግብ መውሰድ ላይ የበለጠ ጉድለት ያመጣል፣ ክትትሉም ጠበቅ ማለት አለበት። ቃር ካለብሽ ስሊቭ ስለሚያብሰው ነገሩ ይገለበጣል። የጨጓራ ባክቴሪያውን፣ ኤች ፓይሎሪን፣ ቀድመሽ ተመርመሪና ከተገኘብሽ ታከሚ፤ እኛ አገር ብዙ ሰው ላይ አለ። ኪሎ ቶሎ ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይበዛልና መከላከያ ክኒን እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ልጅ የማሰብ ነገር ካለሽ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ይሁን።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ጥብቅ አመጋገብ ያዙሻል። አታጭበርብሪያቸው። ጉበትሽ በእነዚያ ቀናት እውነትም ያንሳል። ጉበት ጨጓራን ተደግፎ ነው የተኛው፤ ትልቅና ቅባታም ከሆነ ሐኪሙ ሲያነሳው ይደማበታል።

ምግቡን ቶሎ ቶሎ ልበል። በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። እንጀራው መጨረሻ ይምጣ፣ መጀመሪያ ወጡን። ጤፍ ብረት አለው ብለሽ የብረት ክኒኑን እንዳትተዪ፤ ከጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ጠላም ጠጅም አረቄም በመጀመሪያው ዓመት ይቅር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ መጠጥ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጉበትሽም ገና እያገገመ ነው።

የጾሙን ነገር አልጠየቅሽኝም፤ ግን ጎጃም ውስጥ ሆነሽ ሳታስቢው እንደማትቀሪ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ላንቺ አይሆንም። ውሃ ቀስ እያልሽ ቀኑን ሙሉ ካልተጎነጨሽ በአንዴ መጠጣት ስለማትችዪ ይደርቅብሻል። ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን በግልጽ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው የሚሰጡት ፈቃድ አለ፣ ስንት ጊዜ አብሬ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ወደ ጾም ስትመለሺ ምስርና የላላ ሽሮ ይረዱሻል፤ ቢ 12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከእህል አይገኝም፣ መርፌውን ወይም ክኒኑን በጾምም በፍስክም አታቋርጪ።

ኦፕራሲዮኑን እምቢ ብትዪስ? አልቀየምሽም። ከ112 ኪሎ 8 እስከ 11 ኪሎ ቀንሰሽ ብትይዢው ጉበትሽ ይጠቀማል። አሜሪካ ውስጥ ሬስሜቲሮም በ2024፣ ሴማግሉታይድ በ2025 ለተቆጣና ጠባሳ ለጀመረው ጉበት ተፈቅደዋል። ዋጋቸው ከባድ ነው፤ ሴማግሉታይድ ደግሞ ሲቆም ኪሎው በብዛት ይመለሳል።

እናትሽ ቀሩ። «አትፍሪ» አትበያቸው፤ ፍርሃታቸው ቦታው ላይ ነው። የፋይብሮስካኑ ውጤት በሚነገርበት ቀን አብረውሽ ይግቡ፣ ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት። ከዚያ ሥራ ስጪያቸው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ያሉት ሳምንታት ምግብሽ የሚለካው በቡና ስኒ ነው። መጀመሪያ ውሃና የተጣራ መረቅ፣ ከዚያ ወተትና ቀጭን አጥሚት፣ ከዚያ የላመ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ካስመለሰሽ እሳቸው ቀኑን በወረቀት ይጻፉ፤ ሁለት ቀን ከተከታተለ ሐኪምሽ ጋ ይደውሉና «ልጄ ቲያሚን ትውሰድ ወይ?» ይበሉ። ቃሉን በአማርኛ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊላቸው።

ፋይብሮስካኑ ሲወጣ ቁጥሩን ላኪልኝ።